«እርስዎ ያውቃሉ ዶክተር» ከማለት በፊት፦ ኩላሊት ሲደክም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ እንዴት መወሰን ይቻላል

አጎቴ ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን ለሕክምና በመጣ ጊዜ አብሬው ገብቼ ነበር። ወጣቱ ሐኪም የደም ምርመራውን ውጤት ሲያይ ቆይቶ «ኩላሊትዎ በጣም ደክሟል፤ ስለ እጥበት የምንነጋገርበት ጊዜ ደርሷል። ምን ያስባሉ?» አለው። አጎቴ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ «እርስዎ ያውቃሉ ዶክተር» አለ። ሐኪሙ የሚጽፈውን ጻፈ፤ እኛም አመስግነን ወጣን። በሩን እንደዘጋን አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «አሁን ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐኪም የሚያውቀው ኩላሊትን ነው። መንገዱን፣ እርሻውን፣ ቤተሰቡን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውዬው እንዴት መኖር እንደሚፈልግ የሚያውቀው ታማሚው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው፣ ያ ቀን ቢመለስ እንዴት አድርገን እንገባ ነበር የሚለው ነው።

መጀመሪያ፣ ታማሚው ይወቅ

በእኛ አገር ከባድ በሽታ ሲገኝ ቤተሰብ ቀድሞ ይሰማል፤ ከዚያም «እንዳይደነግጥ» ተብሎ ይደበቃል። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዘው «ለእሱ አይንገሩት፣ ለእኛ ይንገሩን» የሚሉ ልጆችን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔም ብሆን ለማለት ቃጥቶኝ ነበር። የሚመጣው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ኩላሊት እንደ መርዶ ሌሊት ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በየሳምንቱ መርፌ የሚወጋው፣ ውሃ የሚከለከለው፣ ጨው የሚቀነስበት ታማሚው ራሱ ነው። ያላወቀ ሰው ለምን እንደሚሰቃይ ስለማይገባው መድኃኒቱን ይተዋል፤ ወይም ከልጆቹ ፊት ተመልክቶ ያውቅና ማወቁን እሱም ይደብቃል። ያኔ ቤቱ ሁሉ እያወቀ ዝም ይላል።

እንዲህ ማድረግ ይሻላል። ከቀጠሮው በፊት ታማሚውን «ስለ በሽታህ ሁሉንም መስማት ትፈልጋለህ ወይስ የተወሰነውን? ከአንተ ጋር ማን ይግባ?» ብለው ይጠይቁት። ዝርዝሩን ልጄ ይስማልኝ የሚል አለ፤ መብቱ ነው። ምርጫውን የመረጠው ግን እሱ ራሱ መሆን አለበት።

ቁጥሩን በደብተር ይያዙ

ሐኪሙ በደም ምርመራ ከሚለካው፣ ክሬቲኒን ከሚባለው ቆሻሻ መጠን ተነስቶ ኩላሊት ደምን የማጣራት አቅሙ ስንት እንደቀረ ያሰላል። ጤናማ ሲሆን ከ90 በላይ ነው፤ ከ30 ሲወርድ አራተኛ ደረጃ፣ ከ15 ሲወርድ አምስተኛና የመጨረሻው ደረጃ ይባላል። «ዛሬ ስንት ነው? ከስድስት ወር በፊትስ ስንት ነበር?» ብለው ይጠይቁና ሁለቱንም ይጻፉ። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ የሚወርድበት ፍጥነት ብዙ ይናገራል።

ቁጥሩ ስለወረደ ብቻ ነገ እጥበት ይጀመራል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 828 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ እጥበትን ቀድሞ መጀመር በቅርብ ክትትል ሥር ሆኖ ምልክት እስኪታይ ከመጠበቅ ይልቅ ዕድሜ እንዳላስረዘመ አሳይቷል። ስለዚህ «አሁን መጀመር አለብኝ? ካልሆነ የምንጠብቀው ምልክት የትኛው ነው?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ትንፋሽ ካጠረ፣ ማስታወክ ከጸና፣ ሰውየው ከተደናገረ ወይም በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን እጅግ ከፍ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ይጠይቁ

በማሽን የሚደረገው የደም እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በሆድ በኩል የሚደረግ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ እጥበትም አለ፤ በአገራችን እምብዛም ስለማይገኝ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከሌለ ይለፉት።

ንቅለ ተከላ በመንግሥት ደረጃ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ኩላሊቱ በአብዛኛው የሚገኘው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው፤ ከተተከለ በኋላም ሰውነት እንዳይገፋው የሚያደርገው መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ለመስጠት የታሰበው ልጅ ወይም እህት ከሐኪም ጋር ለብቻው ይነጋገር። በዘመድ ጉባኤ መካከል ተቀምጦ «አልሰጥም» ማለት የሚችል ሰው የለም።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነው፦ ያለ እጥበት የሚደረግ ክብካቤ። ይህ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ማሳከኩን፣ ማቅለሽለሹን፣ የደም ማነሱን፣ እብጠቱንና የትንፋሽ ማጠሩን በመድኃኒት እያስታገሱ መኖር ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ልባቸው ለደከመና ሌላም ሕመም ለተደራረበባቸው አዛውንት እጥበት የሚጨምረው ዕድሜ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ላይ ብዙው ቀን በሆስፒታልና በመንገድ ያልቃል። ለወጣት ግን ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሐኪሙን «በዚህ መንገድ ብሄድ ጊዜዬ በወር ነው ወይስ በዓመት የሚቆጠረው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እጥበት የጀመረ ሰው በገንዘብ ምክንያት ሲያቋርጥ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት መሆናቸውም ከመጀመሩ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ኑሮዎን ለሐኪሙ ይንገሩ

ከሁሉም የሚዘለለው ይህ ነው። እጥበት እንዲመች በክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥሮችን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ያገናኛሉ፤ ፊስቱላ ይሉታል። ስሙ ሲሰማ የወሊድ ፊስቱላ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ፤ አይገናኙም። ለሥራ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ስለሚችል ቀደም ብሎ ቢሠራ ይመረጣል፤ ካልሆነ በአንገት በኩል ቱቦ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

የሚሠራው እንደ ልማዱ ብዙ በማንሠራበት እጅ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ አጎቴን «በየትኛው እጅ ይበላሉ?» አለው። «በቀኝ።» «እንግዲያው ግራው ላይ እናደርገዋለን።» አጎቴ በዚህ ጊዜ ዝም አላለም። ግራ እጁን ዘርግቶ መዳፉን አሳየው፤ እንደ ደረቅ ቆዳ ጠንክሯል። «እርፉን የምጨብጠው በዚህ ነው። ቀኙ ጅራፍ ብቻ ነው የሚይዘው።» ፊስቱላ ያለበት ክንድ ከባድ ነገር እንዲሸከምና እንዲታገል አይፈለግም። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሁለቱንም ክንድ በማሰሪያ እያሰረ የደም ሥሮቹን ይመረምር ጀመር።

ጠበልንም ይንገሩ። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ ሰባት ቀን ጠበል መጠጣት ለእኛ አካባቢ ሰው ብርቅ አይደለም። ሽንቱ የቀነሰ ሰው ግን በቀን ብዙ ሊትር ሲጠጣ ውሃው ሳንባው ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ሐኪም ይቆጣኛል ብለው ከሚደብቁ ስንት ሊትር፣ ስንት ቀን እንደሚጠጡ ይንገሩትና ልኩን ይጠይቁ። የንስሐ አባትዎም ቢሰሙ መልካም ነው፤ መጠመቁ ጸንቶ መጠጣቱ ጉንጭ ታህል ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ግን በጠበል ምክንያት አይቋረጥ። ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ እንዲሁም የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ባቄላና ድንች የዘወትር ምግብዎ ከሆነም እንዲሁ፤ ሁለቱም ፖታሲየም አላቸው። ድንች ተልጦና ተከትፎ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ይቀንሳል።

መንገዱንና ገንዘቡን አስልተው ይግቡ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ሄዶ የሚታጠብ ሰው ደርሶ መልሱን በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢመላለስ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የሚነሳማ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ የብዙዎች ጥያቄ «ልታጠብ ወይስ አልታጠብ» ሳይሆን «ቤት ተከራይቼ ከቤተሰቤ ልለይ ወይስ አልለይ» ነው። በአቅራቢያ እጥበት የሚሰጥ የት እንዳለ፣ ወረፋው ምን ያህል እንደሆነ፣ አንዱ ጊዜ ከነመድኃኒቱ ስንት እንደሚያስከፍል፣ የጤና መድኅኑ የትኛውን እንደሚሸፍን ከውሳኔው በፊት ይጠይቁ። ከዘመድ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሦስት ወር ይበቃና ከዚያስ? ይህን ሐኪሙ ፊት ማንሳት ያሳፍራል፤ ቢሆንም ይነሳ።

ሰምተው መልሰው ይንገሩ

ከመውጣትዎ በፊት «የገባኝ እንዲህ ነው» ብለው በራስዎ ቃል ለሐኪሙ ይንገሩት። የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታረማል። ማመንታት ካለ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሦስት ወር፣ እጥበትን ሞክሮ እንደገና መነጋገር እንደሚቻል ይጠይቁ። በሙከራው መጨረሻ ምን ቢታይ እንደሚቀጥል፣ ምን ቢታይ እንደሚቆም ከወዲሁ ይስማሙ። በዚያው ቀን መወሰን ግዴታ አይደለም፤ ከቤተሰብ ጋር ቡና ላይ ተነጋግሮ መመለስ ይቻላል።

የአጎቴ ደብተር ላይ በልጁ እጅ የተጻፈው ይህ ነው፦ «ፊስቱላ በቀኝ እጅ። ከግራ ክንድም ደም አይቀዳ፣ ከመዳፍ ጀርባ ይሁን። ምልክት ካልመጣ እጥበት አይጀመርም። ጥር ላይ ከአዝመራ በኋላ እንደገና እንነጋገራለን።»