ማስተርስ ይዘው አሜሪካ ለገቡ፦ ለዶክትሬት ትምህርት ስለማመልከት

በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል አሜሪካ የገባ የማስተርስ ምሩቅ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «እዚህ አገር ሌላ ማስተርስ ያዝ» የሚል ነው። ይህን ምክር ከመቀበላችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡበት። ማስተርስ እዚህ በአብዛኛው ተማሪው ከኪሱ ወይም በብድር የሚከፍልበት ትምህርት ሲሆን፣ በምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ፒኤችዲ ግን ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ፣ ተማሪው በረዳት መምህርነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እያገለገለ አበልና የጤና መድን የሚያገኝበት ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ፒኤችዲ የሚገቡ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ከአገር ቤት ያመጣችሁት ማስተርስ ለማመልከት ይበቃል። ያለ ምንም የገንዘብ ድጋፍ የሚቀበላችሁን ፕሮግራም ግን እኔ አልመክርም።

የብዙ ዲፓርትመንቶች ማመልከቻ ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ባለው ጊዜ ይዘጋል፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በቀጣዩ ኦገስት ወይም ሴፕቴምበር ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ክረምት ላይ (ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ) መጀመር አለበት፤ ከሁሉም በፊት መጀመር ያለበት ደግሞ የቀድሞ መምህራን የሚጽፉላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ደብዳቤውን እናንተ ይዛችሁ አትሄዱም፤ የመምህራችሁን ኢሜይል ማመልከቻው ላይ ስትሞሉ ሊንኩ በቀጥታ ለእሳቸው ይላካል፤ በተቻለ መጠንም የዩኒቨርሲቲያቸውን ኢሜይል ተጠቀሙ። አገር ቤት የለመድነው፣ ተማሪው ትጉህና ሥነ ምግባር ያለው መሆኑን በጥቂት መስመር የሚገልጽ ደብዳቤ እዚህ ብዙ አይረዳም፤ አንባቢዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ምን ጥያቄ እንደመረመራችሁ፣ መረጃውን እንዴት እንደሰበሰባችሁ፣ ችግር ሲገጥማችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ነው። «አንተ ጻፈውና ልፈርም» የሚሉ መምህር ቢያጋጥሟችሁ፣ በደብዳቤው ፈንታ የቴሲሳችሁን አጭር ማጠቃለያ፣ ከእሳቸው ጋር የሠራችሁትን ሥራና የማመልከቻውን ቀነ ገደብ በአንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ በአክብሮት ላኩላቸው። መምህሮቻችን የማስተማር ጫና ያለባቸው ናቸውና፣ ከሁለት ወር በፊት መጠየቅና በየጊዜው በትሕትና ማስታወስ ለእነሱም እረፍት ነው።

ትራንስክሪፕትን በተመለከተ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከቻው ስካን የተደረገ ቅጂ ተቀብለው ኦፊሴላዊውን ከተቀበሏችሁ በኋላ ይጠይቃሉ፤ የውጭ አገር ዲግሪን ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር ለሚያመዛዝን የግምገማ ድርጅት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ያስፈልግ እንደሆነ ዲፓርትመንቱን ጠይቁ። የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በትራንስክሪፕቱና በግሪን ካርዱ ላይ ከተለያየ ሁለቱንም በማመልከቻው ላይ አስመዝግቡ። ጂአርኢ (GRE) የተባለውን የመግቢያ ፈተና ብዙ ዲፓርትመንቶች ትተውታል፤ እንደ ኢኮኖሚክስ ባሉ መስኮች ግን አሁንም የሚጠይቁ አሉ። የማመልከቻ ክፍያ ከከበዳችሁ ነፃ እንዲደረግላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አለ።

ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥ ይልቅ ምርምራችሁን የሚመራ አማካሪ ፕሮፌሰር መምረጥ ይቀድማል። ፕሮፌሰሩ በቅርቡ ያሳተሙትን ካነበባችሁ በኋላ፣ ጥናታችሁ ከእሳቸው ሥራ ጋር የት እንደሚገናኝ በአጭር ኢሜይል ገልጻችሁ፣ በዚያ ዓመት አዲስ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። መልስ ካልመጣ ጥያቄያችሁ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የሚደርሳቸው ኢሜይል ብዙ ነው።

ተቀባይነት ካገኛችሁ፣ የገንዘብ ድጋፉን መጠን፣ ለስንት ዓመት እንደተረጋገጠና የክረምቱን ወራት ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረሙት ስምምነት መሠረት፣ ከኤፕሪል 15 ማለትም ከሚያዝያ 7 በፊት የገንዘብ ድጋፍ ያለበትን ግብዣ እንድትቀበሉ አትገደዱም፤ እስከዚያ ድረስ ግብዣዎችን ማነጻጸርና ነባር ተማሪዎችን ማነጋገር መብታችሁ ነው።