በአሜሪካ የቤት ሽያጭ ወኪልነትና የንብረት ገማችነት ፈቃድ አወጣጥ

ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ስለሆነ፣ ለትምህርቱ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሊሠሩበት ያሰቡትን ግዛት መሥፈርት ያጣሩ፤ ለሽያጭ ወኪልነት ካሊፎርኒያ 135፣ ቴክሳስ ደግሞ 180 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃሉ። ፈተናውን ያለፈ ወኪል ፈቃድ ባለው ደላላ ሥር እንጂ ለብቻው መሥራት አይችልም።

የገማችነቱ መንገድ ረዘም ይላል። በ83 ሰዓት ትምህርት የሚጀምር ሠልጣኝ የመኖሪያ ቤት ገማችነት ፈቃድ ለማግኘት፣ በተለመደው መንገድ፣ ትምህርቱን 158 ሰዓት ማድረስና ከ6 ወር ባላነሰ ጊዜ 1,000 የሥራ ሰዓት ማስመዝገብ ይኖርበታል። በእኔ ግምት ከፈተናው ይልቅ የሚከብደው ሊያሠለጥን ፈቃደኛ የሆነ ነባር ገማች ማግኘት ነውና ፍለጋውን ከትምህርቱ ጎን ለጎን ይጀምሩ። በሥራ መዝገብዎም የተገመተውን ቤት አድራሻ፣ ቀኑንና የወሰደብዎትን ሰዓት ሳያሳድሩ ያስፍሩ፤ አሠልጣኝዎም ይፈርሙበት።