የሌላ አምራች ፍሎፒ ድራይቭ ከቢቢሲ ማይክሮ ጋር እንዴት ይገናኛል?

የእንግሊዙ ኮምፒውተር አምራች አኮርን በ1981 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጣው የቤት ኮምፒውተር፣ ቢቢሲ ማይክሮ ሞዴል ቢ፣ ፍሎፒ ድራይቭ (ዲስክ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ) አይመርጥም። ኩማና፣ ኦፐስ፣ ቪግለን፣ ዋትፎርድ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉም ለእሱ የሚሆን ድራይቭ ሸጠዋል። ሣጥኑን ስትፈቱት ግን ውስጡ ብዙ ጊዜ የቲያክ ወይም የሚትሱቢሺ ዕቃ ነው። ሁሉም የሚግባቡት ሹጋርት በሚባለው ባለ 34 ፒን መስመር ስለሆነ፣ ከአሮጌ ፒሲ የተነቀለ ባለ 3.5 ኢንች ድራይቭ እንኳ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በድራይቩ ዓይነት ሳይሆን በኬብሉ፣ በኤሌክትሪኩና በጃምፐሩ (ሁለት ፒን አገናኝቶ ምርጫን የሚወስን ትንሽ መሰኪያ) ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ራሱ ዲስክ ማንበብ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። ሞዴል ቢ ከፋብሪካ ሲወጣ የዲስክ መቆጣጠሪያ ያልተገጠመለት ብዙ ነው፤ ከሥሩ ያለው ባለ 34 ፒን ሶኬት ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። አብሩትና «ቢቢሲ ኮምፒውተር 32ኬ» ከሚለው ቀጥሎ የዲኤፍኤስ (የዲስክ ፋይሎችን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ስም ከመጣ አለ ማለት ነው። ካልመጣ *ሄልፕ ብላችሁ ዝርዝሩን እዩ። (ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ጻፍናቸው እንጂ ኪቦርዱ ላይ የምትመቱት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።) መቆጣጠሪያው የኢንቴል 8271 ቺፕ ወይም በ1770 ቺፕ የተሠራ ተጨማሪ ቦርድ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ማወቁ ዲስክ ፎርማት ስታደርጉ (ለመጻፍ ስታዘጋጁ) ያስፈልጋችኋል።

ድራይቭ ስትመርጡ ባለ 5.25 ኢንች ከሆነ ባለ ሁለት ገጽና ባለ 80 ትራክ (ትራክ ዲስኩ ላይ መረጃ የሚጻፍበት ክብ መስመር ነው) የሆነውን ፈልጉ። በቲያክ ስያሜ ኤፍዲ-55ኤፍ የሚባለው ማለት ነው። ኤፍዲ-55ኤ ባለ 40 ትራክ ባለ አንድ ገጽ፣ ኤፍዲ-55ቢ ባለ 40 ትራክ ባለ ሁለት ገጽ ነው። ከኤፍዲ-55ጂ፣ ማለትም ከፒሲው ባለ 1.2 ሜጋባይት ድራይቭ፣ ራቁ። ምክንያቱ በስሌት ይታያል። ቢቢሲው በሰከንድ 125,000 ቢት ይጽፋል። ዲስኩ በደቂቃ 300 ዙር ሲዞር አንድ ትራክ ላይ 3,125 ባይት ይገባል፤ ዲኤፍኤስ ደግሞ በየትራኩ እያንዳንዳቸው 256 ባይት የሆኑ 10 ሴክተሮች (የትራክ ክፍልፋዮች)፣ ማለትም 2,560 ባይት፣ ያስቀምጣል። ትርፉ ለሴክተር አድራሻዎችና ለክፍተቶች ይሆናል። ድራይቩ በ360 ዙር ከሄደ ግን በትራኩ ላይ የሚቀረው 2,604 ባይት ብቻ ስለሆነ ፎርማቱ አይበቃውም። ፍጥነቱን በጃምፐር ወደ 300 ማውረድ የሚቻልባቸው ዓይነቶች አሉ፤ ያ ካልተቻለ ግን ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

አሁን ወደ ኬብሉ። 34 ሽቦ ያለው ጠፍጣፋ ኬብል ያስፈልጋል፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር አካባቢ ከሆነ ይበቃል። ጠርዙ ላይ ያለው ባለ ቀለም ሽቦ 1ኛው ነው። ባለ 5.25 ኢንች ድራይቭ ላይ ኬብሉ የሚሰካው በቦርዱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጠባብ ስንጥቅ ወደ 1ኛው ፒን የሚጠጋው ነው። ባለ 3.5 ኢንቹ የፒን መሰኪያ አለው። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሽቦዎች በሙሉ መሬት (0 ቮልት) ናቸው፤ ምልክት የሚያስተላልፉት ተጋማሽ ቁጥሮቹ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በቃላችሁ መያዝ ያለባችሁ ሦስት ናቸው፦ 10ኛው የመጀመሪያውን ድራይቭ ይመርጣል፣ 12ኛው ሁለተኛውን ይመርጣል፣ 16ኛው ሞተሩን ያስነሳል።

ድራይቩ የትኛውን ጥሪ እንደሚሰማ የሚወስነው ዲኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጃምፐር ነው። አንዳንዱ አምራች ከዲኤስ0 እስከ ዲኤስ3፣ ሌላው ከዲኤስ1 እስከ ዲኤስ4 ብሎ ይቆጥራል፤ የትኛውም ቢሆን ለመጀመሪያው ድራይቭ ዝቅተኛውን ቁጥር፣ ለሁለተኛው ቀጣዩን ስጡ። ኤምኤክስ የሚል ጃምፐር ካለ አውልቁት፤ እሱ ካለ ድራይቩ ሳይጠራም ይመልሳል፣ ሁለት ድራይቭ ስታስገቡ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ያወራሉ።

ከፒሲ የመጣ ድራይቭ ላይ ወጥመዱ እዚህ ነው። የፒሲ ድራይቮች በሙሉ ሁለተኛ ሆነው (በዲኤስ1) ተስተካክለው ይወጣሉ፤ አዳዲሶቹማ ጃምፐር እንኳ የላቸውም። ፒሲው የሚለያቸው ከ10 እስከ 16 ያሉት ሽቦዎች በተጠማዘዙበት ኬብል ነው። ያንን ኬብል ወደ ቢቢሲ አታምጡት። ከተጠማዘዘው ጫፍ ላይ ድራይቩን ብትሰኩት የመምረጫው መስመር ቢቢሲው ወደማይጠቀምበት 14ኛ ሽቦ ይሄዳል፣ ሞተሩ ደግሞ ከ10ኛው ጋር ይያያዛል፤ ድራይቩ ዝም ይላል። ቀጥ ባለ ኬብል ከሰካችሁት ይሠራል፤ ግን ስሙ ድራይቭ 1 ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሲነሳ የሚፈልገው ድራይቭ 0ን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀጥ ያለ ኬብል ወስዳችሁ ከመሰኪያው አጠገብ ከ10 እስከ 12 ያሉትን ሦስት ሽቦዎች ብቻ ነጥላችሁ ገልብጡና መሰኪያውን ጫኑበት። 11ኛው መሬት ስለሆነ ቦታው አይቀየርም፤ 10 እና 12 ብቻ ይለዋወጣሉ። የፒሲ ድራይቭ 34ኛ ፒን ላይ የሚያወጣው «ዲስክ ተቀይሯል» የሚለውን ምልክት ነው፤ ቢቢሲው ይህን ፒን ስለማያየው አያስቸግርም። 

ሁለት ድራይቭ ካላችሁ ተርሚኔተሩን (የኬብሉን መጨረሻ የሚዘጋውን ሬዚስተር) አትርሱ። ባለ 5.25 ኢንች ድራይቭ ላይ ብዙ ጊዜ በሶኬት የተሰካ፣ ቺፕ የሚመስል የ150 ኦም ሬዚስተር ጥቅል ታያላችሁ። መኖር ያለበት በኬብሉ መጨረሻ ላይ ባለው ድራይቭ ብቻ ነው፤ ከመሃለኛው ላይ ንቀሉት፣ ግን አትጣሉት። 5 ቮልት በ150 ኦም 33 ሚሊአምፔር ነው። ሁለት ጥቅል ከሆነ 67 ይሆናል፣ ቢቢሲው ውስጥ መስመሩን የሚጎትተው 7438 ቺፕ ግን የሚችለው 48 ነው። ወዲያው ላይቃጠል ይችላል፤ ይሁን እንጂ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው በሽታ ከዚህ ይመጣል። ባለ 3.5 ኢንቹ በውስጡ ደካማ ሬዚስተር ስላለው፣ ሁለቱን ስታቀላቅሉ ባለ 5.25ቱን ከነጥቅሉ ከኬብሉ ጫፍ አድርጉት።

ኤሌክትሪክ

ቢቢሲው ከሥሩ ለድራይቭ የሚሆን የኃይል መውጫ አለው፤ በ5 ቮልትም በ12 ቮልትም 1.25 አምፔር ይሰጣል። ድራይቩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡና ደምሩ። ሁለት ግማሽ ቁመት ያላቸው ድራይቮች ካሏችሁ ወይም አሮጌ ሙሉ ቁመት ያለው ድራይቭ ከሆነ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ያለው ሣጥን ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ የነበረው ጥቁር ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ራሱን ማሞቅ የሚወድ ስለሆነ ድራይቭ አትጫኑበት።

ድራይቩ በኩል ትልቁ ባለ አራት ፒን መሰኪያ 1ኛው 12 ቮልት፣ 2ኛና 3ኛው መሬት፣ 4ኛው 5 ቮልት ነው። የባለ 3.5 ኢንቹ ትንሽ መሰኪያ ተገላቢጦሽ ነው፦ 1ኛው 5፣ 4ኛው 12። በፒሲ ሽቦ ቀይ 5፣ ቢጫ 12፣ ጥቁር መሬት ነው፤ በድሮ የእንግሊዝ ሣጥኖች ግን ቀለምን ማመን አያዋጣም። ድራይቩን ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። 12 ቮልት በ5 ቮልት በኩል ከገባ የድራይቩ ቺፖች በአንድ ጊዜ ያልቃሉ።

ዕድሜ ጠገብ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ውስጡ ያሉትን ግልጽ ቢጫማ ካፓሲተሮች እዩ። ተሰነጣጥቀው ከሆነ አንድ ቀን ጭስና ክፉ ሽታ ይለቃሉ፤ ቀድሞ መቀየር ነው። ከግድግዳ ሶኬት ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛልና ይህን ሥራ ለሚያውቅ ስጡ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የእንግሊዙ ሞዴል በ240 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል።

ሁሉንም ካገናኛችሁ በኋላ ዲስክ ሳታስገቡ አብሩ። ይህ ለጥንቃቄ ያህል ብቻ የተባለ አይደለም። ኬብሉ ተገልብጦ ከተሰካ የድራይቩ ምልክት መቀበያዎች በሙሉ መሬት ላይ ያርፋሉ፤ በዚህ መስመር ደግሞ መሬት ማለት «አዎ» ማለት ነው። ስለዚህ ድራይቩ ተመርጧል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ መጻፊያውም ተከፍቷል። ዲስክ ቢኖርበት ሄዱ (የሚያነበውና የሚጽፈው ጫፍ) የቆመበትን ትራክ ያጠፋዋል። ምልክቱ የድራይቩ መብራት ገና ሲበራ ጀምሮ አለመጥፋቱና ሞተሩ አለመቆሙ ነው። ይህን ካያችሁ አጥፉና ኬብሉን ገልብጡት፤ ድራይቩ አይጎዳም። ደህና ከሆነ *ካት (የፋይሎችን ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ) በሉ፦ መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ይነሳል። ዲስክ ስለሌለ መልስ አይመጣም፤ ብሬክ ተጫኑና ውጡ።

ቀጥሎ የማያስፈልጋችሁን ዲስክ አስገብታችሁ ፎርማት አድርጉ። በ1770ው የአኮርን ዲኤፍኤስ ትእዛዙ ሮሙ (ቋሚ ማህደረ ትውስታው) ውስጥ ስላለ *ፎርም 80 0 ከዚያም *ቬሪፋይ 0 ይበቃል። በአኮርኑ 8271 ግን የፎርማት ፕሮግራሙ የሚመጣው ከድራይቩ ጋር በሚሰጥ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ከሌላችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ማስቀዳት አለባችሁ። አንድ የ80 ትራክ ገጽ 200 ኪሎባይትና ቢበዛ 31 ፋይል ይይዛል። ጀርባው እንደ ሌላ ድራይቭ ነው የሚቆጠረው፦ የመጀመሪያው ድራይቭ ገጾች 0 እና 2፣ የሁለተኛው 1 እና 3 ናቸው። «ድራይቭ 2 የለኝም፣ ለምን ይሠራል?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው።

የ40 እና የ80 ትራክ ነገር በጣም ያታልላል። የፋይሎቹ ማውጫ ትራክ 0 ላይ ስለሆነ፣ ባለ 40 ትራክ ዲስክ በባለ 80 ትራክ ድራይቭ ውስጥ ስታስገቡ *ካት ያለ ችግር ዝርዝሩን ያሳያል፤ ፋይል ስትከፍቱ ግን «ዲስክ ፎልት 18» ይላል። ዲስኩ አልተበላሸም። ሄዱ በግማሽ እርምጃ እየሄደ ሴክተሩን ስላጣው ነው። የ40/80 ማብሪያ ያላቸው ሣጥኖች በእያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት እርምጃ እንዲሄድ ያደርጉታል፣ ያኔ ይነበባል። ማንበብ እንጂ መጻፍ ግን አይመከርም። የባለ 80ው ሄድ ጠባብ ስለሆነ አዲሱን ጽሑፍ ከሰፊው አሮጌ ትራክ መሃል ላይ ያሰፍራል፣ ዳርና ዳሩ ላይ የድሮው ይቀራል፤ እውነተኛ ባለ 40 ድራይቭ ሁለቱን አንድ ላይ ያነብና ግራ ይጋባል። የግድ ከሆነ በማግኔት ሙሉ በሙሉ በተደመሰሰ ዲስክ ላይ ጻፉ።

ዲስኩም ራሱ ይለያያል። ባለ 5.25 ኢንች «ኤችዲ» ዲስክ ለዚህ ድራይቭ አይሆንም፤ ማግኔቱ በጣም ጠንካራ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ፎርማት ቢያልፍ እንኳ ይከዳችኋል። ባለ 3.5 ኢንቹ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ የኤችዲ ዲስኩን ቀዳዳ (ከመጻፊያ መከልከያው ተቃራኒ ያለውን) በፕላስተር ሸፍኖ መጠቀም ይቻላል። ለማይተካ ፋይል ግን አይሁን።

ድራይቩ ሠርቶ ሄዱ ቀስ እያለ «ቋቋቋ» የሚል ከሆነ የፍጥነት ምርጫው ነው። ኪቦርዱ ቦርድ ላይ በቀኝ በኩል ስምንት የሽቦ ማገናኛ ቦታዎች አሉ፤ 3ኛውና 4ኛው የዲስክ ፍጥነት ናቸው። ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ በአንድ እርምጃ 24 ሚሊሰከንድ፣ ሁለቱም ሲያያዙ 4 ሚሊሰከንድ ነው። ኤፍዲ-55ኤፍ 3 ሚሊሰከንድ ስለሚችል ሁለቱንም አያይዙለት። አሮጌ ባለ 40 ትራክ ድራይቭ ግን በ4 ሲነዳ ትራክ ይስታል።

ከስህተት ቁጥሮቹ 18 ሴክተር አልተገኘም ማለት ነው፤ ከ40/80 ጉዳይ ሌላ ፎርማት ያልተደረገ ዲስክም ይህንኑ ያሳያል። 10 ድራይቩ አልተዘጋጀም ነው፤ ዲስኩ፣ የድራይቩ በር፣ ጃምፐሩ ይታዩ። 14 ትራክ 0 አልተገኘም ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በሐዲዱ ላይ የደረቀ ቅባት ነው። አሮጌውን ጠርጋችሁ ጥቂት አዲስ ቀቡ፣ ሄዱንም በእጅ ቀስ ብላችሁ ወዲህና ወዲያ አንቀሳቅሱት። 0ኢ (0E) የተነበበው መረጃ ከማረጋገጫ ቁጥሩ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ከሌሎች ዲስኮችም ላይ ከመጣ ሄዱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ አጽዱት። ባለ ሁለት ገጽ ድራይቭ ላይ የላይኛውን ሄድ ወደ ላይ ገፍታችሁ አታንሱት፤ የተንጠለጠለበት ስስ ብረት ከተጣመመ ከዚያ በኋላ የትኛውም ዲስክ በትክክል አይነበብም።