ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመምህራንን አሳብ ሰብስቦ ወደ ደንብ ለማድረስ

ጥያቄ ሲጻፍለት መልስ የሚጽፈው ቻትጂፒቲ ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በተሰበሰቡበት ሁሉ ገሚሱ ይከልከል፣ ገሚሱ ተማሪው ይልመደው እያለ ይከራከራል። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይህን ክርክር የሚቋጨው መምህራኑን የሰጡትን የቤት ሥራ አስይዞ ሲያወያይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከስብሰባው አንድ ሳምንት አስቀድመው ስም የማይጻፍበት ግማሽ ወረቀት ያድሉ፤ ነባር መምህራን ቀድመው ከተናገሩ ጀማሪው አሳቡን ውጦ ይቀመጣልና። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ በዚህ ሴሚስተር የተማሪው የራሱ አይመስልም ያሉት ሥራ የትኛው ነው? እርስዎ ራስዎ ለዕለታዊ ትምህርት ዕቅድ ወይም ለፈተና ዝግጅት በቻትጂፒቲ ተጠቅመዋል? ከሚያስተምሩት ውስጥ ተማሪው ያለ ማንም ርዳታ ሊችለው የሚገባው ምንድን ነው? ሁለተኛውን ለመመለስ ብዙዎቻችን እናፍራለን፤ እኛ እየተጠቀምን ተማሪውን ብቻ መቅጣት ግን ፍትሕ ስላልሆነ ጥያቄውን አይሰርዙት።

በስብሰባው ዕለት እያንዳንዱ መምህር በቅርቡ የሰጠውን አንድ የቤት ሥራ ይዞ ይምጣ። ጥያቄው እንዳለ በስልክ ወደ ቻትጂፒቲ ይግባና የሚወጣው መልስ በጋራ ይታረም፤ ማሽኑ ሙሉ ነጥብ ያገኘበት ጥያቄ መለወጥ አለበት። ለምሳሌ የታሪክ መምህር «የውጫሌን ውል አብራራ» ብሎ ከሰጠ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. መፈረሙንና የ17ኛው አንቀጽ ሁለት ቅጂዎች መለያየታቸውን የሚዘረዝር የተስተካከለ ድርሰት ይቀበላል፤ ተማሪው ግን አንዱንም ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ መምህሩ የማሽኑን መልስ ራሱ አባዝቶ ለክፍሉ ያድል፤ ተማሪዎቹም ከመማሪያ መጽሐፋቸው ጋር እያስተያዩ የጎደለውንና የተሳሳተውን በቀይ ያስምሩ፤ በማግሥቱ ሰሌዳው ፊት ቆመው የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል የጣልያንኛው ግዴታ ተደርጎ መተርጎሙ ምን እንዳስከተለ በራሳቸው አንደበት ያስረዱ። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናትና፣ ከዚያ አካባቢ የመጣ ልጅ ከአያቱ የሰማው ካለ ይጨመርበት።

መልሱን መምህሩ አባዝቶ ያድል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከገጠር መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ሄደው እሑድ ማታ የሚመለሱ ልጆች አንድ ስልክ ለሦስት ይጠቀማሉ፤ ዳታ የሚገዛውም ለምግብ ከያዙት ገንዘብ ተቀንሶ ነው። ስልክ ያለውና የሌለው እኩል የማይሠሩት ሥራ በተከታታይ ምዘና ውስጥ ሊገባ አይገባም።

የማሽንን ጽሑፍ እንለያለን በሚሉ መሣሪያዎች ተማምነው ተማሪ አይቅጡ። የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣው መለያ በማሽን ከተጻፈው 26 በመቶውን ብቻ ሲያውቅ ሰው ከጻፈው 9 በመቶውን በስሕተት የማሽን ነው ይል ነበር፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ከአገልግሎት አውጥቶታል። የጠረጠሩትን ልጅ ከጎንዎ አስቀምጠው ስለ ጻፈው ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት።

ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የሚከለከለውን፣ ተማሪው አስታውቆ የሚጠቀምበትንና በነፃ የሚፈቀደውን በየትምህርቱ ይለይ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያንኑ ግማሽ ወረቀት ዳግም አድለው መልሶቹን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ያስተያዩ።