በጥንታዊው የአፒያ መንገድ በሳይክል፦ ጉዞውን የሚያበላሹ ስህተቶች

ከሮም ግንብ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘልቅ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። ቪያ አፒያ አንቲካ ይሉታል። አፒየስ ክላውዲየስ የተባለ ሮማዊ ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ሥራውን አስጀመረው። መጀመሪያ እስከ ካፑዋ ደረሰ። በኋላ እስከ ብሪንዲዚ ወደብ ዘለቀ። ዛሬ በሮም በኩል ያለው ክፍል ሰፊ ፓርክ ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ሜዳ፣ ጥድና የጥንት መቃብር ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ሮም ውስጥ ለሳይክል ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሆኖም ተማርሮ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቶቹ ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው።

በሥራ ቀን ከከተማው በር መነሳት

የጉዞ መመሪያ መጽሐፉም ስልኩም “ከፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ ጀምሩ” ይላሉ። በሩ ያምራል፤ ቀጥሎ ያለው መንገድ ግን ያስፈራል። ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ አጥር ይዞታል። የእግረኛ መንገድ የለውም። መኪናና አውቶቡስ ክርናችሁን ታክኮ ያልፋል። “ከመኪና ነፃ” የሚባለው በዋናነት እሁድና በዓል ቀን ነው። ያኔም ቢሆን የአካባቢው ነዋሪ መኪና ያልፋል።

ጸጥታው በደንብ የሚጀምረው ከቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር በኋላ ነው። ስለዚህ እስከዚያ በአውቶቡስ ሂዱና እዚያው አካባቢ ሳይክል ተከራዩ። የራሳችሁ ሳይክል ካላችሁ በካፋሬላ ሸለቆ በኩል ግቡ። ከተማ መሃል ሆኖ በግ የሚሰማራበት ሸለቆ ነው። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

አንቲካን ከኑዎቫ ማምታታት

ካርታ ላይ “አፒያ” ብላችሁ ስትፈልጉ ሁለት ይመጣል። አፒያ ኑዎቫ አዲሱ ነው፤ መኪና እንደ ጎርፍ የሚወርድበት አውራ ጎዳና። አንዳንዱ ሰው ሳያስተውል እሱ ላይ ገብቶ ቀኑን በጭስ ያሳልፋል። “አንቲካ” የሚለውን ሳታዩ አትንቀሳቀሱ።

ቀጭን ጎማ ይዞ መምጣት

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው ያስለቅሳል። ብዙ ቦታ ላይ የምትነዱት በጥንቱ ድንጋይ ላይ ነው። ጥቁር ባዛልት ነው። ድሮ ከአልባን ተራሮች የፈሰሰ ገሞራ እዚህ ደርሶ ቀዝቅዟል፤ ድንጋዩንም ከዚያው ፈልፍለው አነጠፉት። አዲስ አበባ ውስጥ እንደምናውቀው ትንንሽ ኮብልስቶን አይደለም። እያንዳንዱ ድንጋይ ትልቅ ነው፤ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ከአጠገቡ ካለው ድንጋይ ጋር ክፍተት ያለው። አንዳንዱ ላይ የጋሪ ጎማ ያበጀው ቦይ ይታያል።

የእሽቅድምድም ሳይክል ቀጭን ጎማ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ከመነዳሪው ይፈነዳል፤ የባሰ ቀን ደግሞ ቸርኬው ይጣመማል። ቢያንስ 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይኑራችሁ፤ የተራራ ሳይክል ከሆነ እሰየው። ንፋሱን ጥቂት ቀንሱለት። ትርፍ ከመነዳሪና ፓምፕ ያዙ፤ ጎሚስታ ፍለጋ ብትወጡ ሩቅ ነው። ብዙ ቦታ ከድንጋዩ ጎን ሳይክለኞች የፈጠሩት የአፈር መንገድ አለ። በእሱ ንዱ። ዝናብ ከጣለ ግን አፈሩ ጭቃ ይሆናል፤ ድንጋዩም ያንሸራትታል። የዚያን ዕለት መቅረት ይሻላል።

ኪሎ ሜትር መቁጠር

ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልግ። የቼቺሊያ ሜቴላ ክብ ሕንፃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን የቆመ የአንዲት ባላባት ሴት መቃብር ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ የካኤታኒ ቤተሰብ የምሽግ ማማ አደረገው፤ አናቱ ላይ ያለው የምሽግ ጥርስ ከዚያን ጊዜ የተረፈ ነው። አጠገቡ የንጉሠ ነገሥት ማክሴንቲየስ የሠረገላ መሮጫ አለ። ራቅ ብሎ የኩዊንቲሊ ወንድማማቾች መኖሪያ ፍርስራሽ ይገኛል። ሀብታቸው በዝቶ ስለታየ ይሁን በሴራ ስለተጠረጠሩ፣ ንጉሠ ነገሥት ኮሞዱስ አስገድሏቸው ቤታቸውን ወሰደ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ደግሞ የስፓርታከስ አመፅ ሲከሽፍ 6,000 ያህል ባሪያዎች ከካፑዋ እስከ ሮም በዚህ መንገድ ዳር ተሰቅለዋል። ይህን እያወቁ ዝም ብሎ መክነፍ ያሳዝነኛል። ውረዱ፣ ተደገፉ፣ እዩ።

የመዝጊያ ቀንና ውሃ

ታዋቂዎቹ ካታኮምቦች፣ ማለትም የጥንት ክርስቲያኖች የመቃብር ዋሻዎች፣ የየራሳቸው የመዝጊያ ቀን አላቸው። ሳን ካሊስቶ ረቡዕ፣ ዶሚቲላ ማክሰኞ ይዘጋሉ። አንዳንዶቹ ቀትር ላይም ያርፋሉ። ከምድር በታች ስለሆኑ በበጋ እንኳ ይቀዘቅዛሉ፤ ሹራብ ያዙ። በሐምሌና ነሐሴ እዚያ በጋ ስለሆነ ውጪው ያቃጥላል፤ ወደ ፊት በሄዳችሁ ቁጥር የሚገዛም ነገር አይገኝም። ውሃችሁን ከከተማው የመንገድ ቧንቧ ሙሉ፤ ነፃ ነው፤ ይጠጣል።

ከሮም መውጣት እንጂ ወደ ሮም አለመግባት

አብዛኛው ሰው ከከተማው ወጥቶ፣ ሲደክመው ዞሮ ይመለሳል። እኔ ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። በሜትሮ ኤ መስመር እስከ ሱባውጉስታ ሂዱና በውሃ ቦዮቹ ፓርክ ጀምሩ። በ52 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው አኳ ክላውዲያ የተባለ የጥንት የውሃ ቦይ ቅስቶች ሜዳው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ከዚያ ወደ አንቲካ ስትሻገሩ አፒያ ኑዎቫን ማቋረጥ ግድ ነው፤ እዚያ ላይ ወርዳችሁ ሳይክሉን ግፉ። አንቲካ ላይ ስትደርሱ ወደ ሮም ዙሩ። መንገዱ በጠቅላላው ወደ ከተማው ያዘቀዝቃል።

ለኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ የሮጠው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ማራቶኑ ከካምፒዶልዮ ተነስቶ በሌላ ጎዳና ወጣ፤ ወደ ከተማው የተመለሰው ግን በአፒያ አንቲካ ነው። መሽቶ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳር ዳሩን ቆመዋል። ዛሬም ብዙው ክፍል መብራት የለውም፤ ሳይጨልም ውጡ።

አበበ መጨረሻ ላይ የሞሮኮውን ሯጭ ራዲን ጥሎ የወጣው የአክሱም ሐውልት ያኔ ቆሞ በነበረበት አካባቢ ነው። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ወስደው ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ አቁመውት ነበር። የጥንቱ አፒያ የሚጀምረው ደግሞ ከፖርታ ካፔና በር ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል። አበበም በ2:15:16 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ጨረሰ።

ቦታውን ለማየት ሳይክሉን መልሳችሁ በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ በቪያ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ቅስቱን ታገኙታላችሁ፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።