ዩኒቨርሳል ሪሞት ስንገዛና ስንሞላ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናቴ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አራት ሪሞት ነበር። የቲቪው፣ የሪሲቨሩ፣ የሆም ቴአትሩ፣ አራተኛው ደግሞ ከቤት ከወጣ የቆየ የዲቪዲ ማጫወቻ ሪሞት። የሪሲቨሩ ሲበላሽባት ቻናል መቀየር አቃታትና ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጣቢያ ስታይ ከረመች። "ሥራ ላይ ነህ ብዬ ነው፤ ላስቸግርህ አልፈለግኩም" አለችኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ በኋላ ለእሷ የሚሆን ዩኒቨርሳል ሪሞት፣ ማለትም የተለያየ ብራንድ ዕቃ እንዲያዝዝ ኮድ ወይም ምልክት የሚሞላለት ሪሞት፣ ፍለጋ ስዞር ብዙ ነገር ተማርኩ። ያጠፋሁትም አለ።

ሳይፈትሹ "ተበላሽቷል" ማለት

ሪሞቱ የሚልከው ኢንፍራሬድ ብርሃን በዓይን አይታይም። የስልክ ካሜራ ግን ያየዋል። ካሜራውን ክፈቱ፣ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙሩና አንድ ቁልፍ ተጫኑ። የአንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ስለሚያግደው በሰልፊው በኩል ብትሞክሩ ይሻላል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ብልጭ ብልጭ ካለች ሪሞቱ እየላከ ነው። ችግሩን ወዲያ ማዶ ፈልጉት። ብዙ ቤት ቲቪው ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ወርዶ የሪሲቨሩን ዓይን ሸፍኖት ይገኛል።

ምንም ብልጭታ ከሌለ መጀመሪያ ድንጋዩን ቀይሩ። አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ሪሞቱ ተከፍቶ የውስጡ ጎማ በአልኮል ሲጸዳ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

የድሮውን ሪሞት መጣል

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሪሞቱ ሲያረጅ ይጣላል፤ ከዚያ ባዶ እጅ ወደ ሱቅ ይኬዳል። ባለሱቁ "የምን ሪሲቨር ነው?" ሲል መልሱ "ጥቁር ነው፣ ትንሽዬ" ይሆናል። ጥቁር ትንሽዬ ሪሲቨር ያልገባበት ቤት የለም። ስሙን ብታውቁት እንኳ አይበቃም፤ አንዱ ብራንድ ለየሞዴሉ የተለያየ ሪሞት ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ የሞተም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ። ልምድ ያለው ባለሱቅ የቁልፎቹን አደራደር አይቶ አቻውን ያወጣል። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍም በስልክ ፎቶ አንሱት።

አሮጌው ሪሞት ትንሽ ነፍስ ካለው ደግሞ ወርቅ ነው። ከሌላ ሪሞት ምልክት የሚቀዱ ዩኒቨርሳል ሪሞቶች አሉ። ሁለቱን ፊት ለፊት፣ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ታስቀምጣላችሁ። አዲሱ ላይ የምትፈልጉትን ቁልፍ ትመርጣላችሁ፣ የድሮውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ይቀዳል። በየትኛውም የኮድ (ሪሞቱን ከዕቃው ጋር የሚያስማማ ቁጥር) ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሪሲቨር እንኳ በዚህ መንገድ ይያዛል። ግን ከሞተ ሪሞት የሚቀዳ ነገር የለም። እኔ የእናቴን ጥዬው ነበር። ደግነቱ ጎረቤቷ ያው ሪሲቨር ነበራቸው። ሪሞታቸውን ተውሼ 14 ቁልፍ አንድ በአንድ ቀዳሁ።

"ዩኒቨርሳል" ሲባል ሁሉን ይሠራል ብሎ ማመን

በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የቲቪ ብቻ ናቸው። ሪሲቨርና ሆም ቴአትርም እንዲይዝላችሁ ከፈለጋችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከተቻለም ሪሲቨሩን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስሞክሩ።

ብሉቱዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ፋየር ቲቪ ስቲክን ውሰዱ፤ የኢንፍራሬድ ዓይን የለውም፣ የሚሠራው በብሉቱዝ ሪሞት ነው። የስማርት ቲቪ ሪሞት ላይ ያለው የማይክ ቁልፍም እንዲሁ። ተራ ዩኒቨርሳል ሪሞት ቲቪውን ያበራል፣ ድምፁን ይጨምራል፤ በድምፅ ማዘዝን ግን አይተካም።

መጀመሪያ በሠራው ኮድ መርካት

ሪሞቱ ራሱ ኮድ እንዲፈልግ ስታደርጉ ቲቪው የጠፋ ጊዜ "ተገኘ!" ብሎ ማቆም ያጓጓል። አትቸኩሉ። ማጥፊያውን የሚሠራ ኮድ ሜኑውን ወይም ሶርሱን (ምስሉ ከየትኛው ዕቃ እንደሚመጣ የሚመርጠውን ቁልፍ) ላይሠራ ይችላል። ድምፅ፣ ሜኑ፣ ሶርስ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ ሞክሩ፤ አንዱ ካልሠራ ፍለጋውን ቀጥሉ። አፈላለጉ ከሪሞት ሪሞት ስለሚለያይ አብራ የምትመጣውን ወረቀት አትጣሏት።

የሠራውን ኮድ ደግሞ በማርከር የድንጋይ ክዳኑ ውስጠኛ ጎን ላይ ጻፉት። አንዳንድ ሪሞት ድንጋዩ ሲወጣ ኮዱን ይረሳል። ያኔ ያ ሁሉ ፍለጋ እንደገና ከዜሮ ነው።

ድንጋይ ማደባለቅ

አዲስና አሮጌ አብራችሁ አትክተቱ፤ አሮጌው ቶሎ ያልቅና መፍሰስ ይጀምራል። የፈሰሰ ድንጋይ ሞላውን በልቶ ሪሞቱን ይገድለዋል። የማትጠቀሙበት ሪሞት ውስጥም ድንጋይ አታስቀምጡ።

ሞልቶ ሰጥቶ መሄድ

ብዙ ዕቃ የሚይዝ ሪሞት ላይ መጀመሪያ የትኛውን ዕቃ እንደምታዙ የሚመርጥ ቁልፍ አለ። ቤት ያለ ሰው ይህን ካላወቀ ሪሲቨሩን ያዘዘ መስሎት የቲቪውን ቻናል ይቀይራል። "ኖ ሲግናል" ይመጣል። ቲቪው ተበላሸ ተብሎ ይጠፋል። ቤታችሁ የቆየውን ችግር በአዲስ ዕቃ መልሳችሁ አመጣችሁት ማለት ነው።

እኔ የሪሲቨሩን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም፣ የቲቪውን በነጭ ቀባሁት። ከእናቴ ጎን ቁጭ አልኩና ሪሞቱን እጇ ላይ ትቼ እሷው እንድትጫን አደረግኩ። ስትሳሳት ነጥቄ አላስተካከልኩላትም፤ ራሷ እስክትመለስ ጠበቅኩ። ሁለት ምሽት ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን ስደውልላት መጀመሪያ የቲቪውን ድምፅ ቀንሳ ነው "ሄሎ" ያለችኝ።