ጂፒኤስህ የሚነግርህ ከፍታ ከየት ተነስቶ ነው?

ሰበታ መውጫ ላይ አንድ ቦታ ስንለካ ስልኬንና የእጅ ጂፒኤሱን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። በሜትሮች ተለያዩ። አንዱ ተበላሽቷል ብለን ስንጨቃጨቅ ዋልን፤ ለካስ የሚቆጥሩት ከተለያየ መነሻ ነው።

ሳተላይት ባሕርን አያውቅም። ከፍታውን የሚቆጥረው ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት የዓለም መለኪያ ሥርዓት) ላይ ካለው ኤሊፕሶይድ፣ ማለትም ዋልታዎቹ ጋ ጠፍጠፍ ካለ የሒሳብ ሉል ነው። የባሕር ወለል ግን የምድር ስበት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ወጣ ገባ ነው፣ ወደ የብስ ውስጥም እንደቀጠለ ይታሰባል፣ ስሙም ጂኦይድ ይባላል። ከሕንድ በስተደቡብ ከኤሊፕሶይዱ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከሳተላይቱ ከፍታ ላይ ጂኦይዱ ከኤሊፕሶይዱ ያለውን ልዩነት (ከበላዩ ከሆነ ፖዘቲቭ፣ ከበታቹ ከሆነ ኔጌቲቭ) ቀንስ። ልዩነቱን ኢንተርኔት ላይ ካሉት የኢጂኤም 2008 (የጂኦይድ ሞዴል ነው) ማስያዎች በአንዱ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስህን አስገብተህ ታገኘዋለህ። ዩቲኤም (በሜትር የሚጻፍ የቦታ አድራሻ) ከሆነ የያዝከው መጀመሪያ ወደ ዲግሪ ቀይረው።

ሰው የሚሳሳተው ምልክቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ልዩነቱ ኔጌቲቭ ነው፤ ኔጌቲቭ ሲቀነስ ደግሞ ይደመራል። መሣሪያህ 2350 ቢልህና ማስያው −7 ቢሰጥህ (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የራስህን አውጣ) መልሱ 2357 እንጂ 2343 አይደለም። በምልክት ብቻ 14 ሜትር ገደል ገባ ማለት ነው!

ሌላው ጣጣ ሁለቴ ማረም ነው። አይፎን ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ይሰጥሃል፤ አንድሮይድ ላይ ያሉ ብዙ አፖች ግን ጥሬውን ያሳያሉ። የእጅ ጂፒኤሶችም አብዛኞቹ ራሳቸው ያርማሉ። ኤስአርቲኤም የሚባለውን ከጠፈር በራዳር የተለካ የከፍታ ዳታ ካወረድክም በኢጂኤም 96፣ በቀድሞው የጂኦይድ ሞዴል፣ የታረመ ስለሆነ አትንካው።

ግቢህ ውስጥ የፍሳሽ ቦይ ልታወርድ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግህም። ከአጥር እስከ አጥር ጂኦይዱ ያው ነው። የስልክ ጂፒኤስ ስህተት ብቻውን ብዙ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ተከራይ፣ ወይ ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ዘርግተህ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለውን የውሃ ልክ አስተያይ።

ከመንገድ ወይ ከውሃ መስመር ዲዛይን ጋር የሚገጥም ከፍታ ከተፈለገ ደግሞ ሞዴሉን ብቻ አትመን። ጥሩ ጂፒኤስ ይዘህ ቅርብ ያለ ቤንች ማርክ (ከፍታው ታውቆ የተመዘገበ ቋሚ ምልክት) ላይ ለካ፣ ከተጻፈው ከፍታ ላይ ያረምከውን ቀንስ፣ የቀረውን ልዩነት ከነምልክቱ እዚያው ሰፈር ለለካሃቸው ነጥቦች ሁሉ ጨምርላቸው።